ከወለል እስከ ክርን

ወንድሜ ሊሞት መሆኑን ያወቅሁት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ሲል ነው።

አልሞተም። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ እንደ እኔ ልቧ ቶሎ የሚሰጋ አንባቢ ካለች እስከ መጨረሻው ስትጨነቅ እንዳትቆይ ብዬ ነው። ወንድሜ ዛሬም አለ። ቦርጭ አውጥቷል፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፣ ስልክ ሲያወራ አሁንም ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ይዞራል። ያን ጠዋት ግን ከፊት ወንበር ላይ ሆኜ ወደ ኋላ ዞሬ ያየሁት ነገር፣ በእኛ ቤት ላደገ ልጅ ከአንድ ነገር በቀር ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

አራተኛ ክፍል ነበርን። ወንድሜ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ያለፈውን ዓመት ስለወደቀ ግን ደረስኩበትና አንድ ክፍል ገባን። እኔ ከፊት ከሴቶቹ ጋር፣ እሱ ከኋላ ከወንዶቹ ጋር። ፌንጣ ይሉት ነበር። ቁጭ ሲል አንዱ እግሩ ይነሳል፣ እግሩን ሲይዙት እጁ ይነሳል፣ እጁን ሲይዙት ዴስኩ ራሱ መራመድ ይጀምራል። ያለፈው ዓመት አስተማሪው ለዚህ አንድ መድኃኒት ብቻ ነበረው፤ ከኋላ አስነስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ማቆም። ወንድሜ አራተኛ ክፍልን የተማረው ከግድግዳው ነው ብል አላጋነንኩም። የቀለሙን ስንጥቅ በቃሉ ያውቀው ነበር።

በዚያ ዓመት አስተማሪው ተቀየረና በምትኩ አንዲት ሴት መጣች። ስሟን ሳንለምደው «አዲሷ» አልናት፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስም አዲሷ እንደሆነች ቀረች። ቀጠን ያለች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ፣ ቀሚሷ ላይ ሁልጊዜ የጠመኔ ዱቄት የማይጠፋ ሴት ነበረች። ያን ሰኞ አንድ ጥቅል ነጭ ክርና መቀስ ይዛ ገባችና ሰላምታ እንደሰጠችን በቀጥታ ወደ ኋላ ሄደች። ወንዶቹ እንዲነሱ ነገረቻቸው። ተነሱ። መነሳት ምን እንደሚያመጣ ስለሚያውቁ ግማሾቹ ገና ሳይታዘዙ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

እሷ ግን ወንድሜ ፊት ተንበረከከች። የክሩን ጫፍ ከጫማው ሥር አስያዘችው፤ ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ሳበችው፤ ክርኑ ጋ ስትደርስ ቆረጠችው። ቁራጭ ወረቀት ላይ ስሙን ጽፋ ክሩ ላይ ቋጠረችና ወደ ቀጣዩ ልጅ አለፈች። ከኋላ ያሉትን በሙሉ እንዲህ ለካቻቸው። ከሴቶቹ አንዷ፣ እኛስ ብላ ጠየቀች።

«እናንተ ቁጭ እንዳላችሁ ደህና ናችሁ» አለች አዲሷ።

ደህና ናችሁ። እንግዲያው እነሱ ደህና አይደሉም ማለት ነው። እጄ ላይ የነበረው እርሳስ ወደቀ።

አባቴ እንጨት ሠራተኛ ነበር። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ በርና መስኮት ይሠራል፤ ከሁሉም በላይ ግን የሬሳ ሣጥን። በዚህ ሥራ ላይ አንድ የራሱ ልማድ ነበረው። ሐዘንተኛ ሲመጣ የሟቹን ቁመት በቁጥር አይጠይቅም። የገዛ አባትህን በሜትርና በሳንቲሜትር መጥራት ይከብዳል ይል ነበር። ስለዚህ ክር ለክተው እንዲያመጡ ያዛቸዋል። ሰዎች ክሩን መዳፋቸው ላይ ጠቅልለው ይመጣሉ፤ አባቴም ተቀብሎ ከመስኮቱ አጠገብ ያለ ምስማር ላይ ይሰቅለዋል፤ ሥራው እስኪያልቅ ክሩ እዚያ ይውላል። እኔና ወንድሜ ቀን ከሌት የምንገባበት የምንወጣበት ሱቅ ስለሆነ፣ ምስማሩ ላይ ክር ካየን ጮኸን አንጫወትም። ሰው በክር የሚለካው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። አጭር፣ የልጅ ክር ሲሰቀል ደግሞ አባቴ ራሱ ያን ቀን ምሳ አይበላም ነበር።

ክሩ ከወንድሜ ጭንቅላት አለመድረሱን አይቻለሁ። ግን የፈራ ልጅ ምክንያት አያጣም፤ አዲስ ስለሆነች አለካኩን አልቻለችበትም፣ አባቴ ይጨምርበታል አልኩ። ወንዶቹን ብቻ የሚይዝ በሽታ መግባቱም ገባኝ። ከኋላ የሚቀመጡትን ነው የያዘው። ወንድሜ እግሩን መግታት የሚያቅተውም ለካ ከሕመሙ ነው።

ቤታችን ለክፉ ወሬ የተዘጋጀ ቤት ነበር። እናቴ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለውን ተረት እንደ ሰላምታ ነው የምትናገረው። በር ሲንኳኳ መርዶ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ሊያፈስ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ ውሃ ሊቋረጥ ነው። ይህ ጠባይ በደም እንደሚወረስ እኔ ምስክር ነኝ። ባለፈው ወር የልጄ ትምህርት ቤት ስልክ ደውሎ፣ ጸሐፊዋ ጉሮሮዋን እስክትጠርግ ድረስ ልጄን ቀብሬ፣ አልቅሼ፣ ሐውልቱን አስቀርጬ ነበር። ለካስ ሹራቡን ረስቶ ነው።

በዚያ ዓመት ግን እናቴ የምትፈራው እውነተኛ ነገር ነበር። በትምህርት ቤታችን ደንብ አንድ ክፍል ላይ ሁለቴ የወደቀ ይሰናበታል። ወንድሜ አንዴ ወድቋል። ዘንድሮ ከወደቀ የሚጠብቀው የአባቴ ሱቅ ነው። አባቴ ይህን እንደ መዓት አያየውም፤ እናቴ ግን ልጄ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሐዘን ሲቸነክር አይኖርም ብላ ምላለች። ስለዚህ ማታ ማታ ወንድሜን ጥግ ላይ አስቀምጣ፣ ጠረጴዛውን ሆዱ ድረስ ገፍታ እንዳይነሳ ታሽገዋለች። እሷ ሹራቧን እየሠራች ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። እሱ መጽሐፉ ላይ ያፈጣል። ዓይኑ መስመር ይቆጥራል እንጂ አንድም ነገር ወደ ውስጥ አይገባም፤ ላብ ብቻ ይወጣል። አባቴ አንዳንዴ፣ ይህ ልጅ እንደ እኔ ነው፣ እጁ ካልሠራ ጆሮው አይሰማም ይላል። እናቴ ዝም በል በሚል ዓይን ታየዋለች።

ወንዶቹ በክር በተለኩ በማግስቱ ለአባቴ ምሳ ዕቃውን ይዤ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ የኮላና የትኩስ ሰጋቱራ ሽታ ነበር። ከተደገፉት ጣውላዎች ጀርባ እንደደረስኩ የአዲሷን ድምፅ ሰማሁና እግሬ ተተከለ። እንጨቱ ውድ ባይሆን ግድ የለም፣ ብቻ ጠንካራ ይሁን፤ በተቻለ ፍጥነት ይድረስልኝ ትለዋለች። አባቴ በጣቱ አንድ ነገር ሲያንኳኳ ተሰማኝ። ሌሎቹን ለጎረቤት አናጢ ማካፈል እንደሚችል ነገራት።

«የልጄን ግን ለሌላ ሰው አልሰጥም» አለ። «የእሱን እኔው በእጄ ነው የምሠራው።»

«እናቱስ?»

«እሷ አሁን ከሰማች ቤት አይበቃንም። ካለቀ በኋላ ታየዋለች።»

ከዚያ አባቴ ሳቀ። ሐዘን ሲከብድ ሰው እንደሚስቅ ሰምቼ ነበርና ሳቁ ከልቅሶ ይልቅ አንጀቴን በላው። አዲሷ ከወጣች በኋላ ብቅ ስል ምስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን አየሁ። አንድ እቅፍ ነጭ ክር፣ ሁሉም አጭር። የወንድሜ ስም ከላይ ነበር። አባቴ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ጥርግ አድርጎ በላ።

አድጌ፣ ልጅ ወልጄ፣ አንድ ቀን አዲሷን ገበያ አግኝቻት ይህን ነገር ጠየቅኋት። መንገድ ላይ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ክር የእሷ ሐሳብ አልነበረም። ከዚያ ሰኞ በፊት ሱቁ መጥታ ለተማሪዎቼ የሚሆን ዕቃ ላዝዝ ነው ስትለው፣ አባቴ ከአመሉ የተነሳ ሳያስብ «ልካቸውን በክር ይዘሽ ነይ» አላት። እሷም ይህ የአናጢዎች ወግ መሰላትና እንዳዘዛት አደረገች።

ያኔ ግን ይህን የሚነግረኝ አልነበረም፤ እኔም የምችለውን ማድረግ ጀመርኩ። እንቁላሌን ወደ ወንድሜ ሳህን አሻገርኩ። አዲሱን ላጲሴን ሰጠሁት። ተራዬን ሁሉ ለቀቅኩለት። መጀመሪያ ተጠራጠረ፤ ምን አጥፍተሽ ነው፣ በእኔ ልታላክኪ ነው አይደል አለኝ። ከዚያ ለመደውና እንደ ንጉሥ ያዘኝ ጀመር። ጫማዬን አምጪ፣ ውሃ ቅጂልኝ፣ ጀርባዬን እከኪ። እያለቀስኩ አከክሁለት።

የቤት ሥራ ሲሰጠን ደግሞ፣ ጥግ ላይ ታሽጎ ማላቡ ስላሳዘነኝ፣ እናቴ ሳትኖር ወደ ጓሮ ይዤው ወጣሁ። እሱ ኳሱን ከግድግዳው ጋር እየለጋ፣ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ መጽሐፉን አነበብኩለት። ስለ ወንዞች ነበር። ኳሱ ግድግዳውን ይመታል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና ይመታል። የሚሰማኝ አልመሰለኝም። ስጨርስ ግን ለወጉ ያህል ጥያቄዎቹን ጠየቅሁት፤ ሁሉንም መለሰ። ወንዙ ከየት እንደሚነሳ፣ ለምን እንደሚደፈርስ፣ ወዴት እንደሚፈስ፣ አንድም ሳይቀር፣ ኳሱንም ሳያቆም። በማግስቱ በማባዛት ሞከርኩት። እሱንም መለሰ።

ዛሬ ብሆን እልል ብዬ እናቴን እጠራት ነበር። ያኔ ግን ሰው ሊሞት ሲቃረብ ዕውቀት ይገለጥለታል የሚል ወሬ ከአዋቂዎች ሰምቼ ነበር። ጊዜው ደርሷል አልኩ።

እናቴ የያዘችኝ ቁርስ ላይ ነው። ዳቦዬን ወደ ወንድሜ ስገፋ እጄን ያዘችው። እሱን ወደ ውጭ ላከችና ግንባሬን ዳሰሰች። ምን ሆነሻል አለችኝ። ከዚያ በላይ መቻል አልሆነልኝም። አስተማሪዋ በክር እንደለካችው፣ ክሩ አባዬ ምስማር ላይ እንዳለ፣ አባዬም ለሌላ ሰው አልሰጥም የልጄን በእጄ ነው የምሠራው እንዳለ፣ ለአንቺ እንዳይነገር እንደተማከሩ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ሌላ እናት ብትሆን ትስቅ ነበር፤ ልጄ ቅዠት ይዟታል ትል ነበር። የእኔ እናት ግን ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ወሬ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። የምታማስልበትን ጭልፋ እንደያዘች፣ አንድ እግሯ በነጠላ ጫማ አንዱ በአባቴ ጫማ ሆኖ ከቤት ወጣች። መንገዱን በሩጫ ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየን ነበር።

አባቴ ብሩሽ ይዞ አንድ ዕቃ ላይ ቫርኒሽ እየቀባ ነበር።

«የት አለ?» አለችው።

«ምኑ?»

«ሣጥኑ።»

አባቴ ጭልፋውን አየ፤ ጫማዋን አየ፤ ከኋላዋ ያለሁትን እኔን አየ። ከፊቱ ወዳለው ዕቃ አመለከታት። እናቴ ተጠግታ በመዳፏ ዳበሰችው፤ ጎንበስ ብላ ከሥሩ አየች።

«እግር አለው» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ፣ አለው» አለ አባቴ። «ጠረጴዛ ነዋ፣ የልጆቼ እናት።»

እናቴ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አለች። ልብሷ ይበላሻል ያላለችበትን ቀን ከዚያ በፊት አላስታውስም። አባቴ ብሩሹን አስቀምጦ አጠገቧ ተቀመጠና የሆነውን ነገራት። አዲሷ ከዚህ በፊት ባስተማረችበት ትምህርት ቤት ወንበር አንሶ ኖሮ ጥቂት ልጆች በመስኮት ደፍ ላይ ደብተራቸውን ዘርግተው ቆመው ይማሩ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ወንበር አጥተው ያዘነችላቸው ወንዶች ወንበር ካገኙት በለጡ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። አሁን በገዛ ደሞዟ ከፍ ያሉ ጠረጴዛዎች አሠርታ፣ ለእያንዳንዱ በክርኑ ልክ፣ ቁጭ ማለት ያቃታቸውን ወንዶች ቆመው ልታስተምራቸው ነው።

እናቴ እስከዚህ ድረስ ፊቷ በርቶ ነበር። ቆመው የሚለውን ስትሰማ ጠቆረ። ልጄን እንደ ሌባ አቁመው ሊያስተምሩት ነው? ያ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ፊት የቆመው አልበቃ ብሎ አሁን የሚቆምበትን ዕቃ የገዛ አባቱ ይሠራለታል? ሄጄ ይዤው እወጣለሁ አለች።

«ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይላሉ» አለ አባቴ። «እኛ ይህን ልጅ ቁጭ አድርገን ሰቅለነዋል። እስቲ ቆሞ ይውረድ።»

አልሰማችውም። ጠረጴዛዎቹ ክፍል በገቡ በማግስቱ እናቴ የክት ልብሷን ለብሳ መጣች። አዲሷ በሩ ላይ ተቀበለቻት። እኔ ከፊት ስለምቀመጥ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ።

«ይግቡ፣ ቁጭ ብለው ይዩ» አለቻት። «ካልወደዱት ልጁን ይዘው ይሄዳሉ፤ ጠረጴዛውንም እኔ ተሸክሜ ቤትዎ አደርሳለሁ።»

እናቴ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠች። ዴስኩ ጠበባት። ቦርሳዋን እቅፏ ላይ ይዛ ወደ ኋላ ዞረች። ወንዶቹ ጠረጴዛዎቹ ፊት ቆመዋል፤ አንዱ በአንድ እግሩ፣ አንዱ ክርኑን ተደግፎ፣ ወንድሜ እንደ ፈረስ እግር እየቀያየረ። በእጃቸው ደግሞ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ቁራጭ እንጨት ይዘው ያገላብጣሉ። አንዲት ነፋስ የምንላት ሴት ልጅም ለምና አብራቸው ቆማለች። ቁጭ ብሎ የሚማር ቁጭ ይበል፣ ቆሞ የሚማር ይቁም፤ የአዲሷ ሕግ ይኸው ብቻ ነበር።

ንባብ ነበር። አዲሷ ስለ አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ማንበብ ጀመረች። ሰውየው በገመድ ወርዶ ሲቆፍር ውሃው በድንገት ፈነዳ። ጮኸ። ላይ ያለው ጓደኛው ገመዱን ሳበ። ገመዱ ክር በክር መበጠስ ጀመረ። እዚህ ላይ ወረቀቱን አጠፈችው። የቀረው የት አለ አሉ ልጆቹ። እየፈለጋችሁ አንብቡት አለቻቸው። ታሪኩን ቆራርጣ አንዱን በኋለኛው ግድግዳ፣ አንዱን በኮሪደሩ፣ አንዱን ውጭ ከቧንቧው በላይ ለጥፋዋለች። እያንዳንዱ ያነበበውን ተመልሶ በቃሉ ለክፍሉ ይናገራል።

ከኋላ ያሉት እንደ ወፍ ተነሱ። እናቴ ደነገጠች፤ ሊወድቁ ነው፣ ጥርሳቸው ሊረግፍ ነው አለች ለራሷ። ወንድሜ በኮሪደሩ ያለውን ሊያነብ ሮጠ። በክፍት በሩ ይታየን ነበር። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ግድግዳ ፊት ቆሞ ነበር፤ ግን ግድግዳው ያን ቀን የሚነበብ ነገር ነበረው። እየሮጠ ተመለሰና ጓደኛው ገመዱን ከዛፍ ጋር እንዴት እንዳሰረው ተናገረ። ሌሎቹም የየራሳቸውን ተናገሩ። የመጨረሻዋን ቁራጭ አዲሷ ራሷ ይዛት ነበር። ወደ ወንድሜ ጠረጴዛ ሄዳ ፊቱ አስቀመጠችለት።

ወንድሜ እናቱን አየ። ከዚያ ወረቀቱን አየ። አንድ እግሩ መሬቱን መምታት ጀመረ፤ ከምቱ ጋር ማንበብ ጀመረ። ሦስተኛው ቃል ላይ ተያዘ። የእናቴ ጥፍር ክንዴ ላይ ሲገባ ተሰማኝ። ቁራጭ እንጨቱን አንዴ አገላበጠ፣ ቃሉን ቆርጦ ቆርጦ አነበበው፣ ከዚያ ገጣጠመውና ቀጠለ። እየቆየ ፈጠነ። ድምፁ እንደ ተለቀቀ ውሃ ወረደ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ አዲሷ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

እናቴ የት እንዳለች ረስታ ተናገረች። የልጇን አፍ ስታይ የታሪኩን መጨረሻ አልሰማችውም ነበር።

«ሰውየውስ?» አለች። «ወጣ?»

«ወጣ፣ እማ» አለ ወንድሜ።

ቦርሳዋን ከፍታ መሐረብ አወጣች። ሲደወል ተነስታ አዲሷን እግሩ አያብጥም ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሲደክመው እንደሚቀመጥ ነገረቻት። ነገም መምጣት ይቻላል ወይ አለች። ያን ቀን ማታ ጠረጴዛውን ከወንድሜ ሆድ ላይ አንስታ ወደ ቦታው መለሰችው።

ከዚያ ሁሉ ነገር እንደ ቅቤ የሄደ አይምሰላችሁ። በግማሽ ዓመቱ ወንድሜ በቃል ጽሕፈት ወደቀ። እናቴ ለአንድ ሳምንት እህል አልቀመሰችም። አዲሷ ግን ፊደሎቹን በጣት አሸዋ ላይ አስጻፈቻቸው፣ ኳስ እየወረወረች ቃላቱን ፊደል በፊደል አስጠራቻቸው፣ ማባዛትን ግቢውን በእርምጃ እየለኩ ተማሩ። ከኋላ ያለው ጩኸት ከጎረቤት ክፍል ስሞታ አስነሳ። ዳይሬክተሩ አንድ ቀን ገብተው ይህ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ጋራዥ አሉ። አዲሷ ፈተናው ይፍረድ አለቻቸው።

የፈተናው ነገር ግን ሌላ መዘዝ አመጣ። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና የሚሰጠው በትልቁ አዳራሽ ነው፤ እዚያ ያሉት ወንበሮች ብቻ ናቸው። አዲሷ ጠረጴዛዎቹ እንዲገቡላቸው ጠየቀች። ዳይሬክተሩ ደንብ የለም ብለው መለሷት። ሁለተኛም ጠየቀች፣ ሁለተኛም መለሷት።

ይህን ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። ነጠላ ጫማም የአባቴ ጫማም አላደረገችም፤ የክት ልብሷን ለብሳ፣ እጄን ይዛ ቢሮ ገባች። በጨዋ ደንብ ተቀመጠች። ከዚያ የሚሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ልጄ ወንበር ላይ ከተቀመጠ የሚያውቀው ሁሉ ይጠፋበታል፤ ይወድቃል፤ ይሰናበታል፤ አፍሮ ከቤት ይወጣል፤ ጭነት መኪና ላይ ይንጠለጠላል፤ መኪናው ድልድይ ላይ ሲደርስ ፍሬኑ እምቢ ይላል፤ እኔ በድንጋጤ እታመማለሁ፤ አባቱ ሥራ ያቆማል፤ ይህቺ ልጅ ትምህርቷን ትታ ታስታምመኛለች፤ ልጁን ፈልገው ፈልገው ከወንዙ ሲያወጡት ደግሞ የገዛ አባቱ ክር ይዞ ... እዚህ ላይ ዳይሬክተሩ እጃቸውን አነሱ።

«ጠረጴዛውን ያስገቡ፣ እናቴ» አሉ። «ልጁን ብቻ አይግደሉብኝ።»

ያኔ እናቴ እውነቱን የተናገረች መስሎኝ፣ ስለ ድልድዩ ማን ነገረሽ ብዬ ልጠይቃት ነበር። አሁን ሳስበው ያቺ ሴት ስትፈራ የኖረችውን ሁሉ ለአንድ ቀን ሥራ ላይ አዋለችው። እኔም በልጆቼ ጉዳይ ቢሮ ስገባ እንደዚያው ነው የማደርገው፤ ገና መኪናው ድልድይ ሳይደርስ ፊርማው ይገኛል።

በፈተናው ጠዋት ጠረጴዛዎቹን ከክፍል ወደ አዳራሽ ያሻገሩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ተሸክሞ። አባቴ መዶሻውን ይዞ መጥቶ አንዷ እግር እንዳትነቃነቅ አጠበቀና በር ላይ ቆመ። ስለ ፈተናው ወንድሜን ስጠይቀው «ወንዝ መጣ» አለኝ። ሌላ ነገር አልነገረኝም።

ውጤት የሚነገረው ግቢ ውስጥ ነበር። መካከሉ ላይ በኖራ መስመር ይሰመራል፤ ሁላችንም በአንድ ወገን እንቆማለን፤ ስሙ የተጠራ መስመሩን ይሻገራል። ያልተጠራ ይቀራል። ወላጆች በአጥሩ በኩል ይቆማሉ። እናቴ በሩ አጠገብ ነበረች፤ ወሬው ክፉ ከሆነ ልጇን ይዛ ሰው ሳያይ ለመውጣት።

በፊደል ተራ ስለሆነ እኔ ቶሎ ተጠራሁ። ተሻግሬ ዞርኩና ወንድሜን ፈለግሁት። ከባለ ጠረጴዛዎቹ ጋር ነበር። የመጀመሪያው ተጠራ፤ አዲሷ ግድግዳ ተደግፋ ጣቶቿን ታጥፋለች። ሁለተኛው ተጠራ። ነፋስ በአንድ ዝላይ ተሻገረች። አንዱ ሳይጠራ ፊደሉ አለፈ፤ አንገቱን ሰበረ። ያን ልጅ አዲሷ በእረፍቱ ወራት በሙሉ ቤቷ እየጠራች አስጠናችው፤ ስንብቱን ዳይሬክተሩ ተዉለት፤ በዓመቱ ተሻገረ። ያን ቀን ግን የእሱን መቅረት ሳይ የወንድሜም ነገር አበቃ አልኩ። ያ ወገን እየሳሳ ሄደ። የዳይሬክተሩ ወረቀት ወደ ታች ጫፉ ደረሰ።

ከዚያ ወንድሜ ተጠራ።

መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላው ያለው ልጅ ገፋው። ሮጠ፤ መስመሩን ማለፉን ያወቀ አይመስለኝም፤ መጥቶ ከእኔ ጋር ተጋጨ። ከባለ ጠረጴዛዎቹ የተሻገሩት ከበው ራሱን ይደልቁት ጀመር። አባቴ ከአጥሩ ማዶ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። አዲሷ የቀሩትን ጣቶቿን ሁሉ በአንድ ጊዜ አጠፈች።

ያን ጊዜ ከበሩ በኩል አንድ እጅ ተነሳ። እናቴ ናት። ደስታ ሲመጣባት ምን እንደሚደረግ አታውቅም ነበር፤ ተሳስተው ቢሆንስ? የሌላ ልጅ ስም ቢሆንስ?

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ» አለች ግቢው ሁሉ እየሰማ። «ይድገሙልኝ።»

ሰው ሳቀ። ዳይሬክተሩ አልሳቁም። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ወረቀቱን ከፍ አድርገው፣ የወንድሜን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ፣ ማለፉንም ጨምረው፣ ቀስ ብለው ደገሙት።

ወንድሜ ስሙ እንደገና ሲጠራ ሰማ። ከመካከላችን ወጣና መስመሩን ወደ ኋላ ተመልሶ አልፎ ወደነበረበት ቦታ ሄደ። ከዚያ ዞረ። በዚህኛው ጊዜ አልሮጠም። ኖራው ላይ ሲደርስ፣ እናታችን አጥርታ እንድታየው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን ሳያነቃንቅ ቆመ። ስታየው አየና ተሻገረ።